ከመዋኛ ገንዳ እስከ ብሔራዊ ቡድን፦ ስለ ሴቶች ዋተር ፖሎ ለጠየቁን እናት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ካሊፎርኒያ የሚኖሩ እናት ናቸው። የ13 ዓመት ልጃቸው ከ7 ዓመቷ ጀምሮ ዋና ትሠለጥናለች። በቅርቡ አሰልጣኟ «ቁመት አላት፣ ጉልበት አላት፣ ዋተር ፖሎ ትሞክር» አላቸው። ዋተር ፖሎ ሁለት ቡድኖች ውሃ ውስጥ እየዋኙ ኳስ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። እሳቸውም መንገዱ እስከ ብሔራዊ ቡድን ምን እንደሚመስል፣ እንጀራ ይወጣው እንደሆነ፣ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚያሰጋና ጥቁር ልጅ በዚህ ስፖርት ቦታ እንዳላት ጠይቀዋል። ጫፍ ላይ ደግሞ «አንድ ቀን ለኢትዮጵያ ትጫወት ይሆን?» ብለዋል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰላም እህታችን፣

ደስ ከማይለው እንጀምርና እንገላገለው። የሴቶች ዋተር ፖሎ የዓለም ምርጥ የሚባሉትን እንኳ ለብቻው አያኖርም። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የአሜሪካ ቡድን አምበል ማጊ ስቴፈንስ ብዙዎቹ የቡድን ጓደኞቿ ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹም ሦስተኛ ሥራ ደርበው እንደሚሠሩ በኢንስታግራም ጻፈች። ያን ጊዜ ቡድኑ ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ በእጁ ነበር። ጽሑፉን አይቶ ስፖንሰር ልሁን ያለው ፍሌቨር ፍሌቭ የተባለው ራፐር ነው። አሜሪካዊት ተጫዋች ወርቅ ስታመጣ ከአገሯ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የሚሰጣት ሽልማት 37,500 ዶላር ነው። ወርቅ የሚገኘው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ ለ48 ወር ሲካፈል በወር 800 ዶላር አይሞላም። ብር 22,500፣ ነሐስ 15,000 ነው፤ አራተኛ ለወጣ ምንም የለም።

ስለዚህ ልጅዎ ከዚህ ስፖርት የምታገኘው ትልቁ ገንዘብ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ነው። እሱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

የስቴፈንስን መንገድ እንደ ካርታ ይያዙት፤ ከእሷ የበለጠ የተሟላ ምሳሌ በዘመናችን የለም። በ1993 ካሊፎርኒያ ተወለደች። አባቷ ካርሎስ ለፖርቶ ሪኮ የተጫወተ ሰው ነው፤ ታላቅ እህቷ ጄሲካ በ2008 ቤይጂንግ ላይ ብር ባመጣው ቡድን ውስጥ ነበረች። ማጊ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን አንድ ዓመት አዘግይታ ለ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ተዘጋጀች። በመጀመሪያ የኦሊምፒክ ጨዋታዋ ሃንጋሪ ላይ 7 ጎል አገባች፤ ውጤቱ 14 ለ 13 ነበር። በፍፃሜው አሜሪካ ስፔንን 8 ለ 5 ስታሸንፍ 5ቱ የእሷ ነበሩ። ውድድሩን በ21 ጎል ጨረሰች፣ ዕድሜዋ 19። ሪዮ 2016 ላይ አምበል ሆና 17 ጎል፣ ሁለተኛ ወርቅ። ቶኪዮ ላይ ጣሊያናዊቷ ታኒያ ዲ ማሪዮ ይዛው የነበረውን የ47 ጎል የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አለፈች፣ ሦስተኛ ወርቅ። ፓሪስ ላይ ግን በግማሽ ፍፃሜ በአውስትራሊያ በፍፁም ቅጣት ምት ተሸንፈው፣ ለነሐሱም በኔዘርላንድስ በአንድ ጎል ተበልጠው አራተኛ ወጡ። በነዚህ ዓመታት መሀል ከስታንፎርድ ጋር ሦስት ጊዜ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ዋንጫ አንስታለች።

ከዚህ ታሪክ ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ጎሎቹን አይደለም። በ19 ዓመቷ «ድንገት» የታየችው ልጅ በዋተር ፖሎ ቤት ያደገች መሆኗን ነው። የእርስዎ ልጅ በ13 መጀመሯ አልረፈደም፤ ቀድመው የጀመሩት የሚበልጧት ግን በዋና ፍጥነት አይሆንም። በእግር ነው የሚበልጧት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ገንዳው ቢያንስ 1.8 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ታች መርገጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ከበረኛዋ በቀር ማንም ኳስ በሁለት እጅ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ተጫዋቿ አራት ጊዜ 8 ደቂቃ ሙሉ በእግሯ ብቻ ተንሳፋ፣ በአንድ እጇ ኳስ ይዛ፣ በሌላው ተከላካይ ትገፋለች። ይህን የሚያስችለው አረጋገጥ ኤግቢተር ይባላል። ስሙ የተወሰደው በእጅ ከሚዞረው የእንቁላል መምቻ ነው፤ ሁለቱ መምቻዎች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሽከረከሩት ማለት ነው። ከውሃ በታች ሆነው ቢያዩት ልጅቷ እግሯን ከፍታ ወንበር ላይ የተቀመጠች ትመስላለች፦ ጀርባ ቀጥ፣ ጭን ወደ ጎን ተከፍቶ፣ ጉልበት ታጥፎ። ከጉልበት በታች ያለው እግር ክብ ይሠራል፤ ከላይ ሲታይ የግራው ወደ ሰዓት አቅጣጫ፣ የቀኙ በተቃራኒው፣ ተራ በተራ። የእግር ጣቶች ወደ ላይና ወደ ውጭ ተስበው፣ ውሃው በውስጥ እግርና በባት ወደ ታች ይጫናል። አንዱ ሲጫን ሌላው ስለሚመለስ ሰውነት ከፍ ዝቅ አይልም፤ ጭንቅላቷ ላይ ብርጭቆ ቢቀመጥ መፍሰስ የለበትም።

ከዋና የመጡ ልጆች የሚሳሳቱት አንድ ዓይነት ነው። የብሬስትስትሮክ (እንደ እንቁራሪት የሚዋኝበት ስልት) እግር ስለለመዱ ሁለቱንም በአንዴ ይመታሉ፤ ያኔ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፣ ተከላካይም ጥልቅ ያሉበትን ቅጽበት ጠብቃ ኳሱን ትነጥቃለች። ሁለተኛ፣ ዋና ጣት መቀሰር ስለሚያስተምር እግራቸውን እንደ ባሌሪና ይዘረጋሉ፤ የተቀሰረ እግር ውሃ አይይዝም። ሦስተኛው የሚያሳስበው ነው፦ ዳሌያቸው ስለማይከፈት ጉልበታቸውን አቀራርበው ከጉልበት ብቻ ያዞራሉ። ሸክሙ ሁሉ በጉልበት ውስጠኛ ጅማት ላይ ያርፍና በሁለት በሦስት ወር ሕመም ይጀምራል። መድኃኒቱ ከውሃ ውጪ ነው፦ በየቀኑ 10 ደቂቃ የዳሌና የብሽሽት ማፍታቻ፣ ጎን ለጎን ደግሞ በላስቲክ ጭን መክፈት።

ልምምዱ ደረጃ አለው። መጀመሪያ እጅ ውሃ ውስጥ እያገዘ 30 ሰከንድ ሥራ፣ 30 ሰከንድ ዕረፍት፣ 8 ጊዜ። ቀጥሎ የእጅ አንጓ ከውሃ በላይ፣ ከዚያ ክርን፣ ከዚያ ሙሉ ክንድ። አንድ ደረጃ ሳይንቀጠቀጥ 8 ጊዜ ሳይሞላ ወደ ሚቀጥለው አይኬድም። በሙሉ ክንድ ስትጸና ውሃ የተሞላ የ4 ሊትር ጀሪካን ከፍ አድርጋ ትያዝ። ጀሪካኑ ውሃ ውስጥ እያለ ክብደቱ አይታወቅም፤ ከውሃው በላይ ሲወጣ ነው የሚያስለቅሰው። አገጯ ውሃ ከነካ ደረጃው በዝቶባታል ማለት ነውና ይመለስ።

ይህን ያህል ያከረርነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በስፖርቱ በጣም የተለመደው የትከሻ ጉዳት የሚመጣውም ከእግር ነው። ጥሩ ምት ከእግር ተነስቶ በዳሌ ጥምዝ አልፎ ትከሻ ይደርስና በእጅ አንጓ ያበቃል። እግሯ የደከመ ልጅ ከደረቷ በላይ አትወጣም፣ ዳሌዋም አይዞርም፤ ስለዚህ ከ400 እስከ 450 ግራም የሚመዝነውን ኳስ በትከሻዋ ብቻ ትወረውረዋለች። በሳምንት መቶዎች ጊዜ። ወላጅ ሆነው ከዳር ሲመለከቱ ክርኗን ይዩ፦ ስትወረውር ክርኗ ከትከሻዋ በታች ከወረደ ደክማለች፤ ያን ቀን ምት ይብቃት። የትከሻ ሕመም ከልምምድ በኋላ ብቻ ከሆነ ብዛት መቀነስ ይበቃል። ማታ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ከሆነ ግን ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሳያይ መወርወር ይቁም።

ሌሎቹን ጉዳቶች በአጭሩ እንለፋቸው። ጣት መቆልመም የዕለት እንጀራ ነው፤ በፕላስተር ከጎረቤቱ ጣት ጋር ይታሰራል። ቆቡ ላይ ያለው የጆሮ ፕላስቲክ ለጌጥ አይደለም፤ በጥፊ መልክ ያረፈ እጅ የጆሮ ታምቡር ይቀድዳል። ስለዚህ በልምምድ ላይም ቆቡን ታድርግ። የጥርስ መከላከያም ይግዙላት። የሚያስፈራው የአንጎል መናወጥ ነው፦ ከክርን፣ ከኳስ፣ በተለይ በበረኞች ላይ በልምምድ ሰዓት ከቅርብ ከሚመታ ኳስ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ መፍዘዝ ከታየ ያን ቀን ወደ ውሃ አትመለስም፤ አሰልጣኙ ቢለምንም፣ ልጅቷ ብታለቅስም።

«ከውሃ በታች ይጎነታተላሉ አሉ» ብለው ለጻፉት፦ እውነት ነው። ሕጉ ግን የራሱ ሒሳብ አለው። ኳስ የያዘችን ተጫዋች ተከላካይ ልትይዛት፣ ልታሰጥማት ትችላለች። ኳሱን ከለቀቀች በኋላ ብትይዛት፣ ወደ ኋላ ብትጎትታት ወይም ብታሰጥማት ግን ከባድ ፋውል ይሆንና ተከላካይዋ ለአጭር ጊዜ ከጨዋታ ትወጣለች። በአንድ ጨዋታ ሦስት ከባድ ፋውል የሞላባት ከዚያ በኋላ አትመለስም። ብልጥ ሴንተር (ጎሉ ፊት የምትቆመው አጥቂ) ስለዚህ ስትያዝ ኳሱን ከጣቷ ፊት ለቅቃ ባዶ እጇን ለዳኛ ታሳያለች። ጀማሪ ግን ስትያዝ ኳሱን ጨምድዳ ትይዛለች፣ ትሰጥማለች፣ ፊሽካም አይነፋላትም፤ ከዚያ «ዳኛው በደለኝ» ትላለች። እጅ መልቀቅን መማር አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ይፈጃል። ዳኞች ከጨዋታ በፊት የእያንዳንዷን ጥፍር የሚዳስሱትም በዚሁ ትግል ምክንያት ነው፤ ጥፍሯ የረዘመ ተጫዋች እዚያው ትቆርጣለች።

አሁን ወደ መንገዱ። ካሊፎርኒያ መሆንዎ ትልቅ ዕድል ነው፤ የሴት ልጆች ዋተር ፖሎ እዚያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው፣ ክለቦቹም ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ። ክለብ የሚጫወተው በዕድሜ ነው፦ ከ14 በታች፣ ከ16 በታች፣ ከ18 በታች። የዩኤስኤ ዋተር ፖሎ ፌዴሬሽን የኦሊምፒክ ልማት መርሐ ግብር አለው፤ አገሪቱን በዞን ከፍሎ ልጆችን ይፈትናል፣ ከዞን ወደ አገር አቀፍ ካምፕ ያሳድጋል፣ የዕድሜ ብሔራዊ ቡድኖችም የሚለቀሙት ከዚያ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ16፣ ከ18 እና ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮናዎች አሉት። ልጅዎ አንድ ዓመት ክለብ ውስጥ ሳትጫወት ወደ ዞን ፈተና ብትሄድ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በ15 ዓመቷ ብትሄድ ምንም አይቀርባትም። እስከዚያው ዋናዋን አታቁም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ጭንቅላቷን ከውሃ በላይ አድርጋ፣ ኳስ ከፊቷ እየገፋች፣ ከ15 እስከ 20 ሜትር አጫጭር ሩጫ ትዋኝ። ፊት ውሃ ውስጥ መቅበር የለመደ ዋናተኛ ሜዳውን አያይም።

ልጅዎ ግራኝ ከሆነች በነገራችን ላይ፣ አሁኑኑ ለአሰልጣኙ ይንገሩት። ከቀኝ በኩል ጎሉን በደንብ የሚያየው ግራኝ እጅ ነው፤ ሁሉም ቡድን ይፈልጋታል፣ ጥቂት ናቸው።

የዩኒቨርሲቲው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ሻምፒዮና የተጀመረው በ2001 ነው፤ ዋንጫው ዩሲኤልኤ፣ ስታንፎርድና ዩኤስሲ በሚባሉ ሦስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች መሀል ሲዞር ኖሯል። ለረጅም ዓመታት አንድ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው 8 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ እሱንም አሰልጣኙ ለ20 እና ከዚያ በላይ ተጫዋች ይሸነሽነዋል። ከ2025 ወዲህ ጣሪያው ተነስቶ በተጫዋች ብዛት ገደብ ተተክቷል፤ ይህ ግን ትምህርት ቤቱ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ አለ ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ «ከሙሉ ክፍያው ስንት በመቶ፣ ለስንት ዓመት፣ ብትጎዳስ ይቀጥላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ብዙ ጊዜ ጥሩ ማርክ የሚያመጣው የትምህርት እርዳታ ከስፖርቱ ድርሻ ይበልጣል። አሰልጣኞች በይፋ ማነጋገር የሚጀምሩት ከ10ኛ ክፍል ማብቂያ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሙሉ ጨዋታ የያዙ ሁለት ሦስት ቪዲዮዎች ይኑሯት። ጎል ብቻ የተቀነባበረበት ቪዲዮ ለአሰልጣኝ ምንም አይነግረውም፤ እሱ ማየት የሚፈልገው ኳስ ሲነጠቅ ለመከላከል ስንት ሰከንድ ዘግይታ እንደምትዞር ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ያለው አውሮፓ ነው። የስፔኑ ሳባዴል፣ የግሪኩ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኑ ኦሪዞንቴ ካታኒያ የታወቁት የሴቶች ክለቦች ናቸው። ክፍያው መጠነኛ ሆኖ ብዙ ጊዜ ቤትና የአውሮፕላን ትኬት ይጨመርበታል። ውሉ ላይ አምስት ነገር ተጽፎ ይታይ፦ ክፍያው በየወሩ በስንተኛው ቀን፣ ቤቱ ለብቻ ወይስ በጋራ፣ የጤና መድኅን ማን ይከፍላል፣ ለብሔራዊ ቡድን ጥሪ ትለቀቃለች ወይ፣ በጉዳት ብትቀመጥ ደመወዙ ይቀጥላል ወይ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዩኒቨርሲቲ ሳትጨርስ ከአውሮፓ ክለብ ገንዘብ ከተቀበለች የኮሌጅ የመጫወት መብቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ።

ስለ ጥቁር ልጅ ቦታ ጠይቀዋል። አሽሊ ጆንሰንን ልጅዎ ትያት። ማያሚ ያደገች፣ ከጃማይካውያን ቤተሰብ የተወለደች በረኛ ናት፤ ከካሊፎርኒያ ክበብ ውጪ መጥታ፣ ፕሪንስተን ተምራ፣ በ2016 በአሜሪካ የኦሊምፒክ ዋተር ፖሎ ቡድን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በሪዮ ፍፃሜ ጣሊያን፣ በቶኪዮ ፍፃሜ ስፔን በቡድኗ ላይ ያገቡት አምስት አምስት ጎል ብቻ ነው፤ ውጤቶቹ 12 ለ 5 እና 14 ለ 5 ነበሩ። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር ልጅዎ በብዙ ገንዳዎች ብቸኛዋ ትሆናለች። ይህን ቀድማ ብታውቀው ይሻላል።

ጸጉርም ጥያቄ ነው፣ ማንም ስለማይጽፈው እዚህ እንጨምር። ዋተር ፖሎ ቆብ ጨርቅ ሆኖ ከአገጭ በታች በገመድ ይታሰራል፤ ክሎሪን አያግድም። ከመግባቷ በፊት ጸጉሯን በቧንቧ ውሃ ታርጥበው፤ አስቀድሞ ውሃ የጠጣ ጸጉር ክሎሪኑን አብዝቶ አይጠጣም። ቀጭን ሹሩባ ራስ ላይ ተጣብቆ የተሠራ ከሁሉ ይመቻል፤ ከኋላ የሚከመር ጸጉር ቆቡን ያንሸራትተዋል። ቅባትና ቅቤ ግን ለጨዋታ ቀን አይሆንም፤ ተጫዋቾች ሰውነታቸውን ቅባት መቀባት በሕግ ተከልክለዋል፣ ዳኛ ካገኘባት ጠርጋ እንድትመጣ ያስወጣታል። የዋና ልብሱም ተራው አይደለም፦ አንገቱ ድረስ የተዘጋ፣ ጀርባው ላይ ዚፕ ያለው፣ ወፍራምና ጠባብ ይሁን፤ ልቅ ልብስ ለተከላካይ እጀታ ነው። ስለሚቀደድም ሁልጊዜ ሁለተኛ ይያዝ።

ለኢትዮጵያ መጫወትን በተመለከተ፦ ዋናተኛ ብቻዋን አገር ወክላ ኦሊምፒክ ልትሄድ ትችላለች፤ ዋናው ስፖርት ለታዳጊ አገሮች የሚሰጥ የተሳትፎ ቦታ አለው። ዋተር ፖሎ ግን 13 ተጫዋች፣ ጥልቅ ገንዳና ማጣሪያ ያሳለፈ ቡድን ይፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶቿ ውስጥ ስፖርቱ ሥር የሰደደ ሆኖ እንኳ ሴቶቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የደረሱት ቶኪዮ ላይ ነው፣ በስፔንም 29 ለ 4 ተሸነፉ። ሴቶች በኦሊምፒክ እንዲጫወቱ የተፈቀደው ራሱ በ2000 ሲድኒ ላይ ነው፤ ወንዶቹ ከ1900 ጀምሮ ሲጫወቱ። ልጅዎ ኢትዮጵያን በውሃ መወከል ካማራት ዋናዋን አጥብቃ ትያዝ። ኳሱን ከመረጠች የምትፈተነው ለአሜሪካ ነው።

ክለብ ለመምረጥ ሁለት ሦስቱን ያለ ቀጠሮ ሄደው ዳር ቁሙና የ14 ዓመቶቹን ልምምድ በሰዓት ይለኩ። በ90 ደቂቃ ውስጥ ለእግር ብቻ ቢያንስ 20 ደቂቃ ከተሰጠ፣ አሰልጣኙም ውሃው ዳር ተንበርክኮ እግራቸውን ካየ፣ እዚያ ያስመዝግቧት። ገና በአምስተኛው ደቂቃ ጎል ላይ ምት ከተጀመረ፣ ልጆቹም እየሳቁ ከሆነ፣ ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ትከሻዋን ግን እዚያ አይስጡ።